ጎንደር በሁለት እስክሪብቶ

ረቡዕ፣ ጥር 8 ቀን 2011 ዓ.ም.

በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ ሰርግ መደገስ ድፍረት ይጠይቃል። በዓሉን ሊያይ የሚመጣው ሕዝብ የከተማዋን አልጋ ቀድሞ ይይዘዋል፣ የባጃጅ ዋጋ ይሰቀላል፣ መንገዱ ለታቦት ይዘጋል። ሙሽሮቹ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ሁለቱም እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው። ቢሆንም ቀኑን ለቃና ዘገሊላ ቆረጡት፣ እሑድ ጥር 12። ሙሽራዋ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ናት። "ምን ነካችሁ?" ብዬ ስደውልላት፣ "ጌታ ሰርግ ቤት ተጠርቶ የሄደበት ቀን ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ቀን ካለሽ አምጪ" አለችኝ። ሌላም ስሌት እንዳለበት ግን አልጠፋኝም። ውጭ አገር ያለው ዘመድ ለጥምቀት መምጣቱ አይቀርም፤ በአንድ ትኬት ሁለቱንም ይጨርሳል።

የመጥሪያ ካርዱ በወጉ ደረሰን። እኔን የገዛኝ ግን ከካርዱ በኋላ በቴሌግራም የመጣው ነው፤ በእጅ የተጻፈ፣ በስልክ ፎቶ የተነሣ የደብተር ወረቀት። ከላዩ "ለእንግዶቻችን" ይላል። ሙሽራው በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፎታል። ሙሽራዋ አስተማሪ ናት፤ አላስቻላትምና በቀይ አርማዋለች። እሱ "ፋሲል ግቢን ማየት የግድ ነው" ሲል፣ እሷ ጎን ላይ "በስንት ሰዓት? በቀትር ልታስጠብሳቸው ነው?" ብላለች። እሱ ቦታ ይጠራል፣ እሷ ሰዓት ትቆርጣለች። ግንቡ የት እንዳለ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሕፃንም ይነግርሃል፤ መቼ እንደሚገባ፣ የትኛው ጥግ ላይ እንደሚቆም፣ የትኛው ቤት ሳትጠግብ መውጣት እንዳለብህ የሚነግርህ ግን የአገሩ ልጅ ነው።

ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ሰማያዊው "ከባሕር ዳር በኋላ በግራ በኩል ተቀመጡ" ይላል፤ ጣና በዚያ በኩል ስለሆነ። ቀዩ "ዓባይ በረሃ ላይ የሚያቅለሸልሸው ግን ከፊት ይቀመጥ፤ ሎሚ ይያዝ" ብሎ ጨምሯል። ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሣን። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ ደጀን። ሎሚው ያስፈለገኝ እኔን ሳይሆን ከጎኔ የተቀመጡትን ሽማግሌ ነው። ባሕር ዳር ላይ ምሳ በላን። ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፈን እንፍራንዝ አካባቢ ስንደርስ፣ በኮረብታው ላይ ያለውን የጉዛራን ፍርስራሽ ረዳቱ በጣቱ አሳየን። የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባለው ይህ ግንብ ጎንደር ገና ሳትቆረቆር የነበረ ነው። ጎንደር ስንገባ መሽቷል።

ወረቀቱ ስለ ማደሪያ አጭር ነው፦ "አልጋ አትፈልጉ፤ ተመድባችኋል።" እኔ የተመደብኩት ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ካለው የሙሽራው አክስት ቤት ነው። እዚያው ቤት ሌላ እንግዳ አገኘሁ፤ ከእስራኤል፣ ከነታንያ የመጡ፣ ወለቃ ተወልደው ያደጉ ሴት። የአክስትየው የልጅነት ጎረቤት ኖረዋል። ሁለቱ ተቃቅፈው አልቅሰው ጨርሰው ሲስቁ ነው የደረስኩት። ዕለቱ ረቡዕ ነውና ሽሮ ቀረበ። ሁለተኛ ጉርሻ ላይ ቀዝቀዝ ስል አክስትየው ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ፦ "ብይ እንጂ ልጄ! ምነው እንደ ሙሽራ ዓይን አፋር ሆንሽ? ሙሽራዋ ሌላ ናት!"

ሐሙስ፣ ጥር 9

"በሩ እንደተከፈተ ግቡ" የሚለውን የቀዩን ትእዛዝ አክብረን በማለዳ ጃን ተከል ደረስን። ከግቢው ፊት የቆመው ትልቁ ዋርካ ሥር ጥላ ሳይሆን ፀሐይ የሚፈለግበት ሰዓት ነው፤ የጥር ጠዋት ጎንደር ላይ ይቆነጥጣል። አብሮኝ ያለው የሙሽራዋ የአጎት ልጅ ከቨርጂኒያ ነው የመጣው። በቁምጣ መጥቷል።

ቀዩ ስለ አስጎብኚ የሰጠው ምክር ይህ ነው፦ "የበሮቹን ስም ጠይቁት። የማይዘረዝር ከሆነ ሌላ ቀይሩ።" የኛው አልተቀየረም። ግቢው 900 ሜትር በሚደርስ ካብ ታጥሯል፤ 12 በሮች አሉት። እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ተዝካሮ በር፣ እርግብ በር እያለ ሲዘረዝር ቤተ መንግሥቱ ሥራ ላይ እንዳለ ሆኖ ታየኝ። በዚህኛው እምቢልታ ነፊው ይገባል፣ በዚያኛው ፈረስ ይወጣል፣ በሌላኛው ለተዝካር የተጠራ ድኃ ይሰለፋል። ቱሪስት ሁሉ የሚሮጥለት የአፄ ፋሲል ግንብ ግርማ አለው፤ ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሩ ንጉሥ ቤት ነውና ይገባዋል። እኔ ግን ወደ ኋላ ያለውን ነው የወደድኩት። የአፄ ኢያሱ ግንብ ጣሪያ የለውም፤ ጣሊያንን ከጎንደር ለማስለቀቅ በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ አውሮፕላን የጣለው ቦምብ ጎድቶታል። ነፃ አውጪም ያፈርሳል። ከዚያ አልፎ የአፄ ዳዊት የዘፈን ቤት አለ፣ የአፄ በካፋ የግብር አዳራሽ አለ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ አለ። በካፋ አዳራሽ ውስጥ የቨርጂኒያው ልጅ ርዝመቱን በእርምጃ ይለካ ጀመር። "ስንት ሰው ይይዛል?" ይላል። አስጎብኚው ሳቀ፦ "ለእሑድ ልትከራየው ነው?"

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከውጭ አገር ጎብኚዎች ጋር የትምህርት ቤት ልጆች በመስመር ገቡ፤ ጸጥታው አለቀ። ቀዩ እስክሪብቶ ልክ ነበር።

ፒያሳን በተመለከተ ግን ሁለቱ ተጣልተዋል። ሰማያዊው "10 ሰዓት ላይ ፒያሳ ማኪያቶ" ይላል፤ ቀዩ "ካፌ ለማየት ነው ከአዲስ አበባ የሚመጡት?" ብሎ ሰርዞታል። እዚህ ላይ ከሙሽራው ጋር ነኝ። ፒያሳ በጣሊያን ጊዜ የተሠራች ናት፤ ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ ጥጋቸው ክብ ነው፣ ደረጃቸው ሰፊ ነው። አገሩን ሊገዛ የመጣ መንግሥት ለዘላለም እንደሚቀመጥ አስቦ ሠራቸው፤ ኅዳር 1934 ላይ እዚሁ ጎንደር እጁን ሰጠ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከተማው በሙሉ እዚህ ይወጣል። ተማሪ፣ ወታደር፣ ነጠላ የለበሰች እናት፣ በነገው ከተራ ምን እንደሚለብስ የሚከራከር ጎረምሳ። ስፕሪስ ጠጣን። ማኪያቶውም ከአዲስ አበባው አያንስም፤ ቀዩ ይስማ።

ማታ አዝማሪ ቤት። ሰማያዊው "ሰደበን ብላችሁ እንዳትኮርፉ" ሲል፣ ቀዩ "ስማችሁን አትንገሩት፤ ከየት እንደመጣችሁ ብቻ ንገሩት፤ የቀረውን እሱ ያውቃል" ይላል። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ጠጁ በብርሌ ይመጣል፣ መሰንቆው ከጆሯችሁ ስር ነው የሚጮኸው። አዝማሪው ከአዲስ አበባ መምጣቴን ሲሰማ እኔ ላይ ቆመ፦

ከሸዋ መጣች አሉ ሰርገኛ ነኝ ብላ፣
ጎንደርን ሳታውቃት ልትመለስ ቸኩላ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሸለምኩት። ከዚያ የቨርጂኒያው ቁምጣ ላይ የወረደውን እዚህ አልጽፈውም።

ዓርብ፣ ጥር 10

ከተራ። ጋድ ነውና የሚጾመው ሁሉ ጾሟል። ሙሽሮቹ ይህን አስበው "ዓርብ ጠዋት ምሳ የሚባል ነገር አትጠይቁ" ብለው ጽፈዋል፤ በዚህ ቀለሞቹ ተስማምተዋል።

ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ። "ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ታቦት ሊያጅብ ይወጣል፤ ጠዋት ግን ከጣሪያው ጋር ብቻችሁን ትሆናላችሁ" ይላል ቀዩ። እውነት ነው። ጫማችንን አውልቀን ስንገባ ከእኛ ሌላ ሁለት አሮጊቶች ግድግዳውን ተሳልመው ቆመዋል። ጣሪያው በሙሉ የመላእክት ፊት ነው፤ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ሁሉም ወደ ታች የሚያይ። የሥዕሉን ፎቶ አንድ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በካላንደር፣ በሬስቶራንት ግድግዳ፣ በቲሸርት። በፎቶ የማይታየው የዓይናቸው አቅጣጫ ነው። አንዱ አንተን ያያል፣ ጎኑ ያለው ከኋላህ የቆመውን ያያል፣ ስትንቀሳቀስ ሌላው ይቀበልሃል።

ቤተ ክርስቲያኑ የአፄ ኢያሱ ነው። ጥር 1880 ላይ ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ብዙው ደብር ወድሟል፤ ይህ ተረፈ። ያዳነው የንብ መንጋ ነው ይላል አገሬው። የሚያስጎበኙን አባት ይህን ሲነግሩን የንቡን ነገር እንደ ተረት አላወሩትም፤ እንደ ጎረቤት ወሬ ነው፦ "ንቦቹማ ባይወጡ ምን ይተርፍ ነበር?" ወጥተን ካቡን ዞርነው። አሥራ ሁለቱ ክብ ማማዎች የሐዋርያት ምሳሌ መሆናቸውን፣ አሥራ ሦስተኛው ደግሞ አንበሳ መስሎ የተሠራው መግቢያው መሆኑን አሳዩን።

ከሰዓት በኋላ ስላለው ሰልፍ ቀዩ በትልቁ የጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "አትከተሉ፤ ቀድማችሁ ቁሙ።" ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ፋሲል መዋኛ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ከፍ ያለ ደረጃ መርጠን ቆምን። ሰልፉን የሚከተል የሰው ጀርባ ያያል፤ ቀድሞ የቆመ ግን ሁሉም በፊቱ ያልፍለታል። ጎረምሶች ቀይ ምንጣፍ እያነጠፉ፣ ካለፈ በኋላ ጠቅልለው ይዘው እየሮጡ ወደ ፊት እንደገና ያነጥፋሉ። የሰንበት ተማሪዎች በየቀለማቸው። ከዚያ መቋሚያና ጽናጽል የያዙ ካህናት፣ ከበሮው በመሃል። ጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም (የካህናት ዝማሬና ወረብ) ትምህርት ማስመስከሪያ ናት፤ እዚህ ወረብ ሲወረብ እግር ቢስት ማንም አያይም ብሎ የሚያስብ የለም፤ ከዳር የቆሙት ሽማግሌዎች እግር እግሩን ነው የሚያዩት። ከዚያ ጥላው፣ ከጥላው ሥር ታቦቱ፤ እልልታው ከኋላ እየተያያዘ መጥቶ እኛ ጋ ሲደርስ የነታንያዋ እንግዳችንም ከማንም በላይ እልል አሉ። ሃይማኖታቸው ሌላ ነው። "የጎረቤት በዓል ነው፤ ልጅ ሆኜም እዚሁ ነበር የምቆመው" አሉኝ።

ማታ ጾም ሲፈታ የሱፍ ፍትፍትና ተልባ። ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት እንድንነሣ ታዘን ተኛን።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ጎንደር ጨለማ አይደለችም። በየመንገዱ ነጭ ለብሶ የሚወርድ ሰው ነው፤ ጧፍ፣ የስልክ መብራት፣ በጋቢ የተጠቀለለ ሕፃን። ወረቀቱ ላይ ስለ መዋኛው የተጻፈው ከሌላው ሁሉ ይረዝማል። "ጋቢ ያዙ። ነጭ ልበሱ። ገንዳውን ከፊት ለማየት አትጋፉ፤ ከዛፎቹ ሥር ሆናችሁ ዜማውን ስሙ። ሲነጋ ትጠጋላችሁ።" ከዚያ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ቀይ፦ "የእንጨቱ መቀመጫ ላይ አትውጡ!" ለተመልካች የሚሠራውን የእንጨት መደዳ ማለቷ ነው። ያኔ ፍርሃቷ ከመጠን ያለፈ መስሎን ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2012 ጥምቀት፣ መደዳው ተደርምሶ ሰዎች ሞቱ፤ በዓሉ በዩኔስኮ በተመዘገበ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መሆኑ ነው።

ገንዳው ከቀሓ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ ነው የሚሞላው። በሌላው ጊዜ ደረቅ ነው፤ ስለዚህ የፋሲልን መዋኛ በሐምሌ ወይም በመጋቢት መጥቶ ያየ ሰው ያየው ጉድጓድና ግንብ ነው። ዛሬ ግን የመሃሉ ግንብ ውኃው ላይ ተገልብጦ ይታያል። በዙሪያው ባለው ካብ ላይ የበቀሉት ዛፎች ሥራቸውን እንደ ጣት ዘርግተው ድንጋዩን ጨብጠውታል። ድንጋዩ ሥሩን ይያዘው፣ ሥሩ ድንጋዩን ይያዘው፣ አልለየሁም።

ቅዳሴው ተጠናቆ ሲነጋጋ ውኃው ተባረከ። ቀጥሎ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ጎረምሶቹ ከካቡ ላይ፣ ከዛፉ ላይ ዘለሉ። በጎማ የሚረጨው ውኃ ጋቢያችንን አበሰበሰው። ሰማያዊው ለዚህ የተዘጋጀ ምክር ነበረው፦ "መዝለል የፈለገ ይዝለል፤ ስልኩን ግን ለአክስቴ ይስጥ።" የቨርጂኒያው ልጅ ስልኩን፣ ሰዓቱን፣ የኪስ ቦርሳውን ለአክስትየው አስረክቦ ገባ። በመጨረሻ ቁምጣው ሥራ አገኘ። ሲወጣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፤ አክስትየው ግን የሚያሳስባቸው ሌላ ነው፦ "እናትህ ብታይህ! በል ና ልበስ፣ ሰርጉ ላይ እያስነጠስክ ታሳፍረናለህ!"

ከመዋኛው ስንወጣ ጎን ላይ ያለችውን ጉልላት ያላት ትንሽ ቤት አየን፤ የአፄ ፋሲል ፈረስ፣ ዞብል፣ የተቀበረባት ናት ይባላል። እስከ ቀትር ተኛን።

ማታ እንሶስላ። ይህ የሴቶች ጉዳይ ነውና ሰማያዊው ምንም አልጻፈም። ሙሽራዋ ቤት ስንደርስ ሥሩ ተወቅጦ ተዘጋጅቷል፤ አክስቶቿ እጇንና እግሯን ይቀቧታል፣ ዙሪያውን ከበሮ ይመታል። እኔም ጣቶቼን ሰጠሁ። ሙሽራዋ በሹክሹክታ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ፒያሳ ሄዳችሁ አይደል?" አልዋሸሁም። "እሱ ነው ያበላሻችሁ" አለች።

እሑድ፣ ጥር 12

"ተክሊሉ በቅዳሴ ነው፤ ሌሊት 11 ሰዓት። መምጣት ያልቻለ አንቀየመውም" ይላል ቀዩ። ከሥሩ በሰማያዊ፦ "እናቴ ግን ትቀየማለች።" ስለዚህ ሁላችንም ሄድን። ሁለቱ ካባ ለብሰው፣ አክሊል ደፍተው ሲቆሙ ያ በወረቀት ላይ ሲነታረክ የከረመ ጥንድ ዝም ብሎ ሳይ ሳቄ መጣ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ።

በጥር 12 ሰርግ የደገሰ ሰው የሚካኤልን ታቦት ያስብ። ሌሎቹ በጥምቀት ዕለት ወደ ደብራቸው ሲገቡ እሱ አድሮ በቃና ዘገሊላ ነው የሚመለሰው፤ ከተማውም አጅቦት ይወጣል። ወረቀቱ "ከታቦቱ ጋር ከተገናኘን ከመኪና ውረዱ፤ ቪዲዮ አንሺውም ጭምር" ብሎ ነበርና፣ ሰልፉ መንገዱን ሞልቶ ሲመጣ አጃቢ መኪኖቹ ሁሉ ቆሙ። ሙሽራዋ የቬሎዋን ጫፍ ሰብስባ ወረደች፣ ሙሽራው ኮፍያ ስለሌለው የሚያወልቀው አጥቶ እጁን አጣመረ። ሕዝቡ ሙሽሮች መሆናቸውን ሲያይ እልልታው ለታቦቱም ለእነሱም አንድ ላይ ሆነ። ጥላ የያዘ አንድ ዲያቆን ሲያልፍ ፈገግ አለ። ለፎቶ ከተከራዩት መናፈሻ ሁሉ የሚበልጠው ቦታ ያ አስፋልት ነበር፤ ቪዲዮ አንሺው ግን እንደታዘዘው ወርዶ ቆሟል፣ ካሜራው መኪና ውስጥ።

ስለ ዳሱ ብዙ ማለት ይቻላል። ዶሮ ወጡ፣ ጥሬ ሥጋው፣ ድፎ ዳቦው፣ ጠላው። ለአዲስ አበባ ሰው የማልደብቀው ነገር ቢኖር ኮረፌውን ነው፤ ሳይጣራ፣ ገና እየፈላ የሚጠጣ የገብስ መጠጥ ነው፣ ሆድ ይሞላል፣ ቀስ ብሎም ጉልበት ይፈታል። ቀዩ "ቀኑን በሙሉ ሦስት ቤት ትበላላችሁ፤ የመጀመሪያው ላይ አትጥገቡ" ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። የሙሽራው አጎት ግን ሳህን በያዘ ሰው ላይ አይጨክኑም፤ ሁለቴ ጨመሩልኝ። እኚሁ ሰው ማታ ላይ ከዘራቸውን ነጥቀው ፉከራ ጀመሩ። ዳሱ ጸጥ አለ። ቀረርቶውን ሲያወጡ ድምፃቸው ከማጉያው በለጠ፤ የዘር ሐረጉን እስከ አያት ቅድመ አያት ቆጥረው ሙሽራዋን "አሁን የኛ ነሽ" ሲሏት፣ የሙሽራዋ ወገን ደግሞ ዝም ብሎ አልሰማም፤ አንድ ጎረምሳ ብድግ ብሎ መለሰላቸው። እስክስታው እስከ ስንት ሰዓት እንደቆየ አላውቅም፤ ትከሻዬ ግን ያውቃል።

ሰኞ፣ ጥር 13

ወለቃ ከከተማው በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ሰማያዊ ብቻ ነው፣ ቀዩ አልነካውም፦ "ብቻችሁን አትሂዱ። ከነታንያዋ እትዬ ጋር ሂዱ፤ እሳቸው ካልፈለጉ አትሂዱ።"

ፈለጉ። መንገድ ዳር የዳዊት ኮከብ የተሳለባቸው ምልክቶች፣ በጥቁር ሸክላ የተሠሩ ትንንሽ ምስሎች የሚሸጡ ሴቶች። የመንደሩ ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ ሄደዋል፤ እትዬም በ1983 ግንቦት በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ ተሳፍረው ነው የወጡት፣ ከሰላሳ ስድስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከ14,000 የሚበልጥ ሰው ከተጓጓዘበት። ዛሬ ሸክላ የሚሠሩት አብዛኞቹ ሌሎች ናቸው። እትዬ ምኩራቡን አዩ፤ ቤታቸው የነበረበትን ሲጠይቁ ማንም በእርግጠኝነት አላሳያቸውም። ብዙም አላዘኑ፤ ወይም አላሳዩንም። ረጅሙን ጊዜ የወሰደባቸው አንዲት ሸክላ ሠሪ ጋ ነው። ጭቃውን በጣታቸው ፈተኑት። "አሸዋው በዝቷል" አሏት። ሴትዮዋ ተቆጣች፦ "አሸዋ ካነሰማ እሳት ላይ ይሰነጠቃል እማማ!" ተከራከሩ። በጠጠር እንዴት እንደሚለሰልስ፣ በኩበት ስንት ጊዜ እንደሚተኮስ። እናታቸው ያደርጉት የነበረውን እያሳዩ እዚያው ቁጭ ብለው አንድ ጀበና ጀመሩ። እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን ጠበቅናቸው፤ ማንም "እንሂድ" አላለም።

ከሰዓት በኋላ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም፤ ይህ የቀዩ ምርጫ ነው፣ "9 ሰዓት፣ ብርሃኑ ግንቡ ላይ ሲወድቅ።" እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ብለው ያሠሩት ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ሣር በቅሎበታል። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም መስታወት ባለው ሣጥን ተቀምጧል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲመጣ የተቀመጠው እዚህ ነበር። ፋሲል ግቢን ያየ ሰው ቁስቋም ካልመጣ ግማሹን ነው ያየው፤ እዚያ የነገሥታቱን በር አየን፣ እዚህ የአንዲት ሴት ኑሮ።

ማታ መልስ፣ ሙሽራዋ ቤት። ሦስተኛ ቀን ዶሮ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ስለ ሰሜን ተራራ ሰማያዊው ደባርቅን፣ ሳንቃበርን፣ ዋልያን፣ ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነውን ራስ ዳሽንን ዘርዝሮ ነበር። ቀዩ በአንድ መስመር ዘጋው፦ "ሁለት ሌሊት የሌለው ሰው አይሞክረው፤ ግማሽ ቀን ያለው ኮሶዬ ይሂድ።" ግማሽ ቀን ነበረኝ። ኮሶዬ ከጎንደር በዚያው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ዳር ቆሞ አገሩ ከእግር ሥር ሲወርድ፣ ቆላው በጭጋግ ውስጥ እየተደራረበ ሲሄድ ይታያል። ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ከሰው ጉዳይ የላቸውም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ሦስት ሰዓት ላይ ግን ጭጋጉ ከፍ ይላልና እይታው ይደበዝዛል፤ ሰዓቷን ጠብቁ።

ወደ ከተማ ስመለስ ቅዳሜ ገበያ። ስሙ ቅዳሜ ቢሆንም ማክሰኞም ይሸጣል። ጋቢ መግዛት ነበረብኝ፤ የራሴ ከጥምቀት ወዲህ አልደረቀም። የወረቀቱ መጨረሻ መስመር፣ በቀይ፦ "ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት የማን እንግዳ እንደሆናችሁ ንገሩ።" ሸማኔው ጋ ነገርኩት። ሥራውን አቆመ፣ የሙሽራዋን አባት በስም ጠራ፣ ሰርጉ እንዴት እንደነበር ጠየቀኝ፣ ሻይ አስመጣ፣ ጋቢውንም ቀነሰልኝ። ዘዴው ሠራ ብዬ በርበሬ ወደምትሸጠው ሴትዮ ሄድኩና በኩራት "የነእገሌ ሰርግ እንግዳ ነኝ" አልኳት። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፦ "የሙሽራው እናት ለድግሱ የወሰዱትን ገና ከፍለው አልጨረሱልኝም፤ አንቺ ደግሞ ቀንሺ ትያለሽ?"